ትናንት ተኝተሃል?

እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ! እኔ እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ባይፖላር አለብኝ፤ ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚያሻቅብበት፣ አንዴ ደግሞ ድብርት ውስጥ የሚወድቅበት የአእምሮ ሕመም ነው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ እንቅልፍ ነው።

መጀመሪያ ሲጀምረኝ ሕመም አልመሰለኝም። ሦስት ሌሊት በተከታታይ ለ2 ሰዓት ብቻ ተኝቼ ጭራሽ አልደከመኝም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሱቁን ከፍቼ፣ ዕቃውን ሁሉ ከመደርደሪያ አውርጄ በየቀለሙ ስደረድር እናቴ ነጠላዋን ደርባ መጣችና በሩ ላይ ቆማ ዝም ብላ አየችኝ። ጎረቤት «እንዴት ያለ ታታሪ ልጅ ነው» ይል ነበር። እሷ ግን ገብቷታል። እንቅልፍ አጥቶ የሚደክም ሰው አለ፤ ሳይተኛ ጉልበት የሚጨምር ሰው ግን ማኒያ፣ ማለትም ያ ከልክ በላይ የማሻቀቡ ጊዜ፣ እየጀመረው ሊሆን ይችላል። ማኒያው እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣቱም ማኒያውን ይቀሰቅሳል።

ብዙ ሰው የማያየው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ማኒያውም ድብርቱም አልፎ «ዳነ» ከተባልኩ በኋላ ደንበኛ ግማሽ ኪሎ ስኳር ይጠይቀኛል፤ ወደ ጓዳ እገባለሁ፤ ምን ልወስድ እንደገባሁ ይጠፋኛል። መልስ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሁለት ዓይነት ሒሳብ ይወጣኛል። በእግዚአብሔር፣ ሰነፍ አትበሉን! ሕመሙ ረገብ ባለበት ጊዜም ትኩረትንና ማስታወስን ሊነካ ይችላል፤ አንዳንድ መድኃኒትም ያፈዛል፤ እንቅልፍ ሲዛባ ደግሞ ይብሳል፣ አእምሮ ቀን የያዘውን የሚያደላድለው ሌሊት ነዋ። ፈዘዝኩ ብላችሁ ግን መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ። ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ መጠኑ ወይም የሚዋጥበት ሰዓት ሊስተካከል ይችላል።

እኔን በጣም የጠቀመኝ የመነሻ ሰዓቴን መጠበቅ ነው። እሑድም ቢሆን ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቼ ደጅ እወጣለሁ፤ የጠዋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል። ጫት ትቻለሁ። ከምሳ በኋላ ቡና አልነካም፣ የሰው ቤት ቡና እምቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። እናቴ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ» ብላ አታልፈኝም። «ልጄ፣ ትናንት ተኝተሃል?» ነው የምትለኝ።

ጥር 10 ለከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ አብሬ እወርዳለሁ። ድሮ እዚያው አድር ነበር፤ አንድ ዓመት ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው ክፉኛ የታመምኩት። አሁን ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲል እናቴ ጋቢዬን ትጎትተኛለች፤ ቤት ገብቼ እተኛለሁ። በማግስቱ ጠዋት ውሃው ሲባረክ፣ ከእሷ ጎን ቆሜያለሁ።