ጳጉሜን 6 የጠፋችበት ካላንደር

(ደብረ ብርሃን፣ ለኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂዎች የተዘጋጀ ንግግር)

ክቡራን መምህራን፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ ተመራቂዎች፣

እንደምን አደራችሁ። በዚህ ብርድ በጠዋት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁን አውቃችኋለሁ። የተዋወቅነው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጋቢ ደርበን፣ የገብስ ቆሎ መሃላችን አስቀምጠን፣ አንድ ላፕቶፕ ለአራት ስንጋራ ነው። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። የመጣሁት ስለ ቴስት ልናገር ነው፤ ፕሮግራማችን በትክክል መሥራቱን ስለሚፈትሽ ኮድ። ያውም ስክሪን ላይ የሚታየውን ነገር በማሽን ስለመሞከር።

ለወላጆች በአጭሩ ላስረዳ። ኡቡንቱ የተባለው የኮምፒውተር ሲስተም ያለበትን ላፕቶፕ ስትከፍቱ የምታዩት ገጽታ፣ ከላይ ሰዓቱ ያለበት መስመር ጭምር፣ ግኖም በሚባል ዴስክቶፕ የተሠራ ነው። እሱ ላይ የምንቀጥላት ትንሽ ፕሮግራም ኤክስቴንሽን ትባላለች። የእኔዋ የኢትዮጵያን ቀን ከላይ ታሳያለች። ስትጫኗት የወሩ ካላንደር ይዘረጋል፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሣጥን። ሣጥኑን ስትጫኑ ቀኑ ይገለበጥና ደብዳቤያችሁ ላይ ትለጥፉታላችሁ።

አንድ መሥሪያ ቤት ይጠቀምባት ነበር። 2015 ዘመነ ሉቃስ መሆኑን ታስታውሳላችሁ፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን የሆነችበት ዓመት። ጳጉሜን 6 ጠዋት ስልኬ ጠራ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ናቸው፤ እናቴን የሚያህሉ ሴት። «ልጄ፣ ዛሬ እኮ የለም» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ጃኬቴን ደርቤ ሄድኩ።

ከላይ ያለው ጽሑፍ «ጳጉሜን 6» ይላል። ትክክል ነው። ካላንደሩን ሲከፍቱት ግን አምስት ሣጥን ብቻ። ስድስተኛዋ የለችም። እሳቸው በጣታቸው አምስተኛውን ሣጥን፣ ከዚያ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ አሳዩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ቀን ያልተጻፈባቸው ደብዳቤዎች ተደርድረዋል። እኔን ሲጠብቁ ነው የቆዩት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቴስት አልጻፍኩም ነበር? ጽፌያለሁ። ስሌቱን የሚፈትሸው ቴስት ዘመነ ሉቃስን አውቆ ስድስት ይላል። አረንጓዴ ነው፤ ፈተናውን አልፏል ማለት ነው። ሣጥኖቹን የሚደረድረው ኮድ ግን ለጳጉሜን ሁሌም አምስት ነበር የሚያወጣው። ያንን የሚያይ ቴስት አልነበረኝም። በዓይኔ ግን ስንት ጊዜ ከፍቼ አይቼዋለሁ! የከፈትኩት ግን በጥቅምትና በኅዳር ነው። ጳጉሜን 6ን በዓይኑ ለማየት አራት ዓመት የሚጠብቅ ፕሮግራመር የለም። ማሽን ቀኑን ወደፊት ገፍቶ፣ ካላንደሩን ከፍቶ፣ ሣጥኖቹን ቆጥሮ ይነግራችኋል። እናንተ ቡናችሁን ሳትጨርሱ።

ሣጥኗን አስተካክዬ እፎይ ሳልል ሌላ መጣ። መስከረም 9 ቀን 2016 አዲሱ የግኖም ሪሊዝ (እትም)፣ ግኖም 45 ወጣ። ኤክስቴንሽኖች የዴስክቶፑን ኮድ የሚጠሩበት መንገድ ተቀየረ። ከሱ በፊት ለነበረው ለ44 የተጻፈ ኤክስቴንሽን ሳይስተካከል 45 ላይ አይነሳም። ግኖም በየስድስት ወሩ አዲስ ሪሊዝ ያወጣል። ኤክስቴንሽን ደግሞ ከዴስክቶፑ ሆድ ውስጥ ገብታ ነው የምትሠራው፤ ውስጡ ሲነካካ እሷም ትነካለች።

ታዲያ ብዙዎቻችን ምን እናደርጋለን? ኤክስቴንሽኗ በየትኛው ሪሊዝ ላይ እንደምትሠራ የሚጻፍበትን የሜታዳታ ፋይል ከፍተን የአዲሱን ሪሊዝ ቁጥር እንጨምርና እንልካለን። ሳንከፍት፣ ሳንሞክር። ወገኖቼ፣ ይሄ ውሸት ነው! ያቺ ቁጥር «ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል» ማለት ናት። ያልሞከረ ሰው ሊጽፋት አይገባም!

ሆዴን የሚያቃጥለኝ ሌላም አለ። አንድ ቦታ የፕሮጀክት ግምገማ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ተማሪ ካላንደር የሚከፍት፣ ቀስት የሚጫን፣ ወር የሚያገላብጥ ቴስት ጽፋ መጣች። ሦስት ሳምንት ደክማበታለች። «ታዲያ ፕሮጀክቱ የቱ ነው?» አሏት ገምጋሚዎቹ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ቴስት መጻፍ ኮድ ያቃተው ሰው ሥራ ነው ያለው ማን ነው? እሷ የጻፈችው ቴስት ቢኖረኝ ኖሮ እኒያ እናት ያን ቀን ባዶ ቦታ በጣታቸው አያሳዩኝም ነበር!

አሠራሩን አላበዛባችሁም። ግኖምን ስክሪን በሌለበት ኮምፒውተር፣ 1280 በ720 በሆነ ምናባዊ ስክሪን ማስነሳት ይቻላል። የምትሠሩበት ዴስክቶፕ አይረበሽም። ቴስታችሁ ስክሪኑ ላይ የሚጫነውን ቁልፍ በቦታው አትፈልጉት፤ ቦታ ይቀየራል። በስሙ ፈልጉት። ስም ስትሰጡት ደግሞ ኦርካ የተባለው ስክሪን አንባቢ ለዓይነ ስውር ተጠቃሚ ያንኑ ስም ያነበዋል። «ሁለት ሴኮንድ ጠብቅ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ካላንደሩ እስኪከፈት ጠብቅ» በሉ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሴኮንድ አይበቃም። የግዕዝ ፎንት መጫንም አትርሱ፤ አለዚያ የምታነሱት ስክሪንሾት ላይ «ጳጉሜን» በሚለው ቦታ ባዶ አራት ማዕዘኖች ይደረደራሉ።

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት እንደ ድሮው እንገናኝ። ላፕቶፕ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ይጋራል። ያቺን ተማሪም ጋብዣታለሁ፤ የምታሳየን እሷ ናት። የመጀመሪያው ቴስታችን ካላንደሩን ይከፍታል፣ ጳጉሜን 2019 ላይ ይሄዳል፣ ሣጥኖቹን ይቆጥራል። ስድስት ካልሆኑ ማታውኑ እናስተካክላለን።

አመሰግናለሁ።