ካንዴላዋ ነበረች አይደል?

እ... እየቀዳ ነው? ቀይ መብራቷ በርታለች፣ እሺ። ሰላም ናችሁ። ወንበሯ ስትጮህ ብትሰሙ ይቅርታ፣ ዛሬም ዘይት አልቀባኋትም፣ እቀባታለሁ ካልኩ ስንት ወሬ አለፈ፣ ምን ላድርግ፣ ዘይቱ ሁሉ ሞተር ነው የሚበላው።

ዛሬ ስለ ጀልባዬ ሞተር ፕሮፔለር ነበር ላወራ ያሰብኩት። «13ቷን አውጥተህ 11 ከገጠምክ በኋላ ምን ተለወጠ» ያላችሁኝ አላችሁ። እነግራችኋለሁ። ግን ትናንት ማታ ሰልባትዮዋን፣ የቤንዚን ታንከሯን፣ ላነሳ ጎንበስ ስል... ቀይዋን፣ አዎ እሷኑ... ጣቴ ክዳኗ ላይ ያለችውን ትንሿን ቪቲ፣ በጣት የምትጠብቀውን ብሎን፣ ነካ። ነካና እዛው ቆምኩ። በቃ እንደ ሞኝ ቆምኩ። ባለቤቴ መጥታ «ምን ሆንክ» እስክትለኝ ድረስ። ስለዚህ ፕሮፔለሯ ትቆይ። ወይም መሃል ላይ ትመጣ ይሆናል፣ እንጃ።

የየካቲት 16ቷ ቀን ናት። አውርቻታለሁ፣ አውቃለሁ። «ሞተሯ መሃል ሐይቅ ላይ ቀጥ አለችብኝ፣ ካንዴላ ቀይሬ አስነሳኋት» ብዬ ነው ያወራኋት አይደል? ካንዴላ ያው ቤንዚኑን በብልጭታ የምታቀጣጥለው ናት። ሁለቴ ሳላወራት አልቀርም። እሷ ነገር... ማለቴ ካንዴላ ቀይሬያለሁ፣ እሱ ውሸት አይደለም። ሞተሯም ተነስታለች። ሁለቱም ሆኗል። ግን አንዱ በሌላው ምክንያት አልሆነም።

እና ከዘጌ እየተመለስን ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ነግሣ፣ ሰው ጠግቦ፣ ጠበል ጸዲቁን ቀምሶ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ጣናን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት መስታወት ነው፣ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ሰው ስፋቱን አይቶ ውቅያኖስ ያስመስለዋል እንጂ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ለዛ ነው ሞገዱ አጭር አጭር ሆኖ ቶሎ ቶሎ የሚመታህ፣ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ጎንህ ላይ ነው። አስር ሰው ጭኛለሁ። ፊት ለፊት አንድ ነጠላቸውን ግጥም አድርገው የተከናነቡ እማማ አሉ፣ ከጎናቸው አዲስ ጫማ ያደረገ ሰውዬ አለ፣ ጫማው ውሃ እንዳይነካበት ሙሉውን መንገድ እግሩን ብድግ አድርጎ ነው የተቀመጠው። ከኋላ እኔና ካፒቴኑ። ካፒቴኑን ታውቁታላችሁ። ያው ባለ ኮፍያው ልጅ፣ ረዳቴ። ስሙን ዛሬም አልጠራም።

አስር ደቂቃ ያህል ሙሉ ጋዝ ሰጥቼ ስሄድ ደህና ነበረች። ከዛ ዳገት እንደያዘ ሰው ማቃሰት ጀመረች። ትላላች፣ ትመለሳለች፣ ትላላች... ቀጥ። ገመዱን ሳብኩ፣ ተነሳች። ሁለት ደቂቃ ሄደችና ቀጥ። ትንሽ ቆይቼ ሳብኩ፣ ተነሳች። ቀጥ። እንግዲህ መካኒክ የሆናችሁ አሁን እየሳቃችሁ ነው። ሳቁ።

መጀመሪያ እምቦጭ መስሎኝ ሞተሯን አነሳኋት። ይሄ እምቦጭ በፈረንጅ አቆጣጠር 2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ማንኛውም ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የምንሰድበው እሱን ሆኗል፣ እና ብዙ ጊዜ እውነትም እሱ ነው፣ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፣ ሥሩ የውሃ መሳቢያዋን ይደፍንና ሞተሯ ትግላለች። የዛን ቀን ግን ንጹሕ ናት። ከጎኗ የምትተፋትን ቀጭን ውሃም አይቻለሁ፣ ሽርርር እያለች ደህና ስትተፋ ነበር፣ ስለዚህ አልጋለችም። እሺ። ካንዴላዎቹን ፈታሁ። ደረቅ። እንደ አጥንት ደረቅ ናቸው። ደረቅ ካንዴላ ምን ማለት ነው? ቤንዚን አልደረሰኝም እያለችህ ነው! ብትረጥብ ኖሮ እሳት የላትም ወይ ቤንዚን በዝቶባታል ትላለህ። ደረቅ ከሆነች ግን ወደ ቱቦ ትሄዳለህ፣ ከቱቦ ወደ ሰልባትዮ ትሄዳለህ። እኔ ይሄን ለስንት ሰው አስተምሬያለሁ፣ እዚሁ ፖድካስት ላይ። ክፍል ስንት ነበር... ተዉት።

እና እኔ ምን አደረግኩ? ደረቋን ካንዴላ አውጥቼ ሌላ ደረቅ ካንዴላ ከተትኩ።

ይሄኔ ነው ካፒቴኑ፣ ቀስ ብሎ ነው ያለኝ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ «ጋሼ፣ ኳሷ ተጣብቃለች» ያለኝ። ኳሷ ማለት ያቺ ቱቦው ላይ ያለችው በእጅ የምትጨመቀው የጎማ ኳስ። እውነቱን ነበር፣ እንደ ተመጠጠ ሎሚ ሁለት ጎኗ ተጣብቆ ነበር። ኳሷ ከተጣበቀች ችግሩ ከሷ ወዲህ አይደለም፣ ከሷ ወዲያ ነው፣ ሞተሯ እየሳበች ነው ግን ሰልባትዮዋ አለቅም ብላለች። አንድ ሕፃን ልጅ ጁስ በስትሮ ሲስብና ካርቶኑ ሲጨማደድ አይታችሁ የለ፣ በቃ እሱ ነው።

እና እኔ «ዝም በል!» አልኩት። ጮክ ብዬ። «አንተ ሰዎቹን ጠብቅ፣ ሥራዬን ልሥራበት!» ሁሉም ሰው ዞረ። ባለ ጫማው ሰውዬ ሳይቀር እግሩን አወረደ።

ደግሞ እኮ እኔ አልጮህም። ታውቁኛላችሁ አልጮህም።

...ፕሮፔለሯን ላውራላችሁ። ምን መሰላችሁ፣ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር አካባቢ ነው ያለነው፣ ሞተር ደግሞ አየር ነው የምትበላው፣ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ታጣለች ይላሉ፣ ደምሩት፣ 40 ፈረስ ጉልበት ብለህ የገዛሃት እዚህ 33 ናት። ባሕር ዳርቻ ላይ ልክ የነበረችው 13 ፕሮፔለር እዚህ ትከብዳታለች። 13 ማለት ፕሮፔለሯ አንዴ ስትዞር፣ ውሃው ባያንሸራትታት፣ 13 ኢንች ወደፊት ትሄዳለች ማለት ነው። ልክ በሦስተኛ ማርሽ ዳገት እንደመውጣት። የኔዋ መጽሐፏ ሙሉ ጋዝ ላይ ከ4500 እስከ 5500 ዙር ትሽከርከር ይላል፣ እኔ ሰው ጭኜ 4300 ነበር የማገኘው። ከዛ በታች ስትሠራ ድምጿ የተረጋጋ ይመስልሃል፣ «እንዴት ደስ ትላለች» ትላለህ፣ ውስጥ ውስጡን ግን እየታነቀች ነው። 11ን ስገጥምላት ወደ 4700 ወጣች፣ አንድ ኢንች ስትቀንስ 200 ዙር ገደማ ታገኛለህ ነው ሒሳቡ። ፍጥነቷ ባዶ ስትሆን ያው ነው፣ ሰው ስትጭን ግን ጀልባዋ አፍንጫዋን ቶሎ ትጥላለች። እሱም ቢሆን አቀማመጥ ነው፣ ወፍራም ሰው ከኋላ አታስቀምጥ፣ «እርስዎ ወደፊት ይምጡ» ለማለት ደግሞ ስንት ዘዴ ያስፈልጋል መሰላችሁ፣ እኔ «ከፊት እይታው ያምራል» ነው የምለው፣ ካፒቴኑ ይሄን በሰማ ቁጥር ኮፍያውን ፊቱ ላይ ይደፋ ነበር እንዳይስቅ።

...አዎ። ካፒቴኑ።

እንግዲህ ጮህኩበት። ነፋሱ ወደ ደንገሉ እየገፋን ነው። እማማ «ኪዳነ ምሕረት እናቴ፣ ኪዳነ ምሕረት እናቴ» ይላሉ፣ ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም፣ እንደውም ቡና እየቆሉ የሚያዜሙ ነው የሚመስሉት። እኔ አሁን ካርቡራተሯን ልፈታ ነው። መሃል ሐይቅ! ሞገድ ላይ! ያቺ ትንሽዬ ጂግለር፣ ቤንዚን የምታሳልፈው ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ ከእጄ ብታመልጥ ዛሬም እዛው ነን። መፍቻውን ይዤ ጎንበስ ባልኩበት ነው የሰማሁት።

ፍስስስስ።

በጣም ትንሽ ድምፅ ናት። አምቦ ውሃ በቀስታ ሲከፈት። ከዛ ሰልባትዮዋ «ኮፍ» አለች፣ ጎኗ ገብቶ ነበር ለካ፣ ተመለሰ። ቀና አላልኩም። ቀና ባልል ይሻል ነበር መሰለኝ... አይ፣ በጎን አየሁት። እጁ ክዳኑ ላይ ነው። ሁለት ጣቱ። ቪቲዋን ከፍቶ እጁን ወደ ጭኑ መለሰና ወደ ውሃው ማየት ጀመረ። ምንም እንዳላደረገ ሰው።

ቪቲዋን የዘጋኋት እኔ ነኝ። ዘጌ ስንደርስ ሰልባትዮዋን አውርጄ ዛፍ ጥላ ሥር ሳስቀምጣት፣ ቤንዚኑ እንዳይተን ብዬ፣ ያን ሁሉ ሰልፍ ተሰልፌ የቀዳሁት ቤንዚን ነዋ፣ በገዛ ጣቴ ጥብቅ አድርጌ ዘጋኋት። ስመለስ ረሳኋት። ሰልባትዮ ካልተነፈሰ ቤንዚን አይሰጥም፣ ቀስ ብለህ ብትሄድ ትታገስሃለች፣ ሙሉ ጋዝ ስትሰጥ ግን ታንቃለች። ዝግ ስትል ትንሽ አየር በሆነች ቀዳዳ ትገባና ትነሳለች፣ ከዛ ደግሞ ቀጥ። ሁሉንም ነግራኝ ነበር እኮ።

መፍቻውን አስቀመጥኩ። ኳሷን ጨመቅኩ፣ እጄ ውስጥ ሞላች፣ ጠነከረች። ገመዱን ሳብኩ። በመጀመሪያው ተነሳች።

እልልታ! እማማ አለቀሱ። «እጅህ ይባረክ ልጄ፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው» አሉኝ። ባለ ጫማው ሰውዬ መቶ ብር አውጥቶ ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ፣ «ባለሙያ!» እያለ። እና እኔ አፌን ልከፍት ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ልናገር ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ምናልባትም አይደለም... ብቻ ከዛ በፊት ካፒቴኑ ዞሮ፣ ሁሉም እየሰማ፣

«ካንዴላዋ ነበረች አይደል ጋሼ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ። «ካንዴላዋ ነበረች።»

ይሄን ነው ትናንት ሌሊት ሙሉ ሳገላብጠው ያደርኩት። ምን ማለቱ ነበር? አንዳንዴ ሸፈነኝ እላለሁ፣ ጌታውን በሰው ፊት አላዋርድም ብሎ ነው እላለሁ፣ 16 ዓመቱ ነበር እኮ፣ እኔ በ16 ዓመቴ እንደዛ ዓይነት ጨዋነት አልነበረኝም። አንዳንዴ ደግሞ ድምፁን ስሰማው... «አይደል» ላይ ትንሽ አስረዝሟታል። አይደ...ል። ያሾፈብኝስ ከሆነ? ደግሞ ቢያሾፍስ፣ መብቱ አይደለም እንዴ? ባለቤቴ «አላወቀም ይሆናል፣ ዝም ብሎ እጁ ነክቶት ይሆናል» ትላለች። አይ። ሁለት ጣቱን አይቻለሁ።

መቶ ብሩን... ለሱ ልሰጠው አስቤ ነበር። ከሰጠሁት ግን ማመን ነው አይደል። አልሰጠሁትም። ቤንዚን ገዛሁበት። ወሩን ሳይጨርስ ሄደ፣ ጋራዥ ገባ አሉኝ፣ ባጃጅ ይሠራል። ጎበዝ ይሆናል፣ ጆሮ አለው። ቱሪስትም ስለጠፋ እኔም ብዙ የምከፍለው አልነበረኝም፣ በዛ ነው የሄደው እላለሁ። ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ግማሹ።

አሁን አዲስ ልጅ ይዣለሁ፣ ነግሬያችኋለሁ። ደህና ነው፣ ይሰማል። እምቦጭ ማጽዳቱን አሳየሁት፣ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት አሳየሁት፣ ኳሷን አሳየሁት። እና ትናንት ቪቲዋን ስነካ ነው የገባኝ፣ ሁለት ወር ሆኖታል፣ ቪቲዋን አላሳየሁትም። ጠዋት ጠዋት ራሴ ነኝ የምከፍታት፣ እሱ ገመድ እየፈታ እያለ፣ ጀርባውን ሲሰጠኝ...

እንጃ። ረስቼው ይሆናል። ነገ አሳየዋለሁ፣ ነገ እንኳ እሑድ ነው፣ ሰኞ...