ካታሊስት ዳር ቆሞ አያይም

ውድ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ እንደምን አላችሁ?

ዛሬ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ጋር ልጣላ ነው የመጣሁት። «ካታሊስት ሪአክሽኑን ያፈጥናል፤ እሱ ግን አይለወጥም።» ፈተና ላይ ብትጽፉት ማርክ ታገኙበታላችሁ። ችግሩ መሃሉን መዝለሉ ነው። ካታሊስት መጨረሻ ላይ እንደነበረ ይገኛል እንጂ፣ መሃል ላይማ በደንብ ይለወጣል።

ይህ ደግሞ በዓይን ይታያል። ሮሼል ጨው የሚባለውን ታርትሬት በውሃ አሟሟነውና ሞቅ አደረግነው እንበል፤ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እንጨምርበታለን። ጥቂት አረፋ ካልሆነ በቀር ምንም የለም። አሁን ትንሽ የኮባልት ክሎራይድ ሙሙት ጠብ እናድርግበት። ሮዝ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሮዙ ወደ አረንጓዴ ይዞራል። ያኔ ነው ጉዱ! ቢከሩ በአረፋ ይገነፍላል። አረፋው ሲበርድ አረንጓዴው ይጠፋና ሮዙ ተመልሶ ይመጣል።

አረንጓዴው ማን ነው? ራሱ ኮባልት ነው፤ አንድ ኤሌክትሮን ሰጥቶ ከ+2 ወደ +3 ወጥቶ። ሥራው እየተሠራ ያለው በዚያች ሰዓት ነው። ከፈለጋችሁ አረንጓዴ እንደሆነ ጥቂቱን ወደ ቴስት ቲዩብ ገልብጡና በረዶ ውስጥ ንከሩት፤ ቀለሙ ይቆይላችኋል። ካታሊስቱን እጅ ከፍንጅ ያዛችሁት ማለት ነው።

ሶዲየም እንዲህ አይሆንም። አንድ ኤሌክትሮን ሰጥቶ +1 ይሆንና አበቃ። እንደ ኮባልት ያሉ ትራንዚሽን ሜታሎች ግን የ3d እና የ4s (በውጪ በኩል ያሉት ንዑስ ሼሎች) ኤሌክትሮኖቻቸው ጉልበት ስለሚቀራረብ፣ አንዴ ሁለት፣ አንዴ ሦስት መስጠት አይከብዳቸውም። መልሰው መቀበልም እንደዚያው።

አዮዳይድ ለፐርኦክሶዳይሰልፌት ኤሌክትሮን የሚሰጥበትን ሪአክሽን ውሰዱ። ሁለቱም ኔጌቲቭ አዮኖች ስለሆኑ ይገፋፋሉ፤ ሪአክሽኑም ይጎተታል። +2 አይረን ሲገባ ግን የተኳረፉ ሰዎች መሃል እንደገባ አማላጅ ነው። ለፐርኦክሶዳይሰልፌት ኤሌክትሮን ይሰጥና +3 ይሆናል፤ ከዚያ ከአዮዳይድ ተቀብሎ ወደ +2 ይመለሳል። ፖዘቲቭ ስለሆነ ከሁለቱም ጋር ይሳሳባል። በነገራችን ላይ በ+3 ብትጀምሩም ያው ነው፤ ዙሩ ከየትም ይነሳል።

ሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ውስጥ ቫናዲየም የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ +5፣ +4፣ ተመልሶ +5።

እኔ በጣም የምወደው ግን ማንጋኒዝን ነው። አሲድ የገባበትን ኦክሳሌት አሙቃችሁ ማንጋኒዝ ባለበት በፐርማንጋኔት ስትታይትሩ (ጠብ በጠብ እየጨመራችሁ ስትለኩ)፣ የመጀመሪያው ወይን ጠጅ ጠብታ አልጠፋ ብሎ ያስቸግራችኋል። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ የተሳሳተ ይመስለውና ሙሙቱን ይደፋዋል። አትድፉት! ከሪአክሽኑ የሚወጣው +2 ማንጋኒዝ ራሱ ካታሊስት ስለሆነ፣ ቀጣዮቹ ጠብታዎች ወዲያው ይጠፋሉ። ካላመናችሁኝ በሚቀጥለው ላብራቶሪ ከመጀመራችሁ በፊት ትንሽ ማንጋኒዝ ሰልፌት ጨምሩበትና፣ የመጀመሪያው ጠብታ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ሰዓት ይዛችሁ ለኩ። የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ እንዳትረሱ።

አመሰግናለሁ።