ሲቆም ነው የማይገባኝ

እሺ። ዛሬ ዶሮው ዝም ብሏል፤ ሳይነሳብኝ ማይኩ ላይ ቶሎ ቶሎ ልናገር። ባለፈው የእህቴን የሠርግ ጉድ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር፤ አውቃለሁ፣ ስትወቅሱኝ ሰንብታችኋል፤ አልጨርስም። ሌላ ነገር ይዞኛል። ከክፍል የመጣ ነገር ነው። ትንሽ ናት፣ አንዲት ልጅ የተናገረቻት ነገር። ግን ሳህን ሳጥብም እሷ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይም እሷ። ትናንት ማታ ባለጉዳዩን፣ ባሌን ማለቴ ነው፣ ቀስቅሼ ልነግረው ነበር። እንቅልፉን ታውቁታላችሁ፣ ተውኩት።

ዘጠነኞች ናቸው፣ ፊዚክስ ነው። ፕሮጀክተሩን ከስቶር በፊርማ አውጥቻለሁ፤ መብራት አለ፤ ማራዘሚያውን ከቢሮ ለምኛለሁ። ግድግዳው ላይ፣ ከብረት ሳጥኑ ውስጥ፣ ያ የሞተው ፕላዝማ ቴሌቪዥን አሁንም ተሰቅሏል። ከሱ ሥር ነጭ ወረቀት ለጥፌ ቪዲዮዬን አሳየሁ። ቪዲዮው ጉድ የለውም፤ ግቢያችን ውስጥ ባለጉዳዩ የቴኒስ ኳስ ወደ ላይ ይወረውራል፣ እኔ በስልክ እቀርፃለሁ። በቃ። ኳሷ ትወጣለች፣ ትወጣለች፣ ጫፍ ትደርሳለች፣ ትወርዳለች።

ጫፍ ላይ ስትደርስ አቆምኩት። «እዚህ ጋ አክስለሬሽኗ ስንት ነው?» አልኩ፤ የፍጥነቷ ለውጥ ማለት ነው።

«ዜሮ!» ክፍሉ በሙሉ፣ በአንድ ድምፅ።

ስህተት ነው። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ለምን መሰላችሁ፣ እንደዚያ እንዲሉ ነው የፈለግኩት። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ከፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚያደርጋት ነገር አለች፤ ጥያቄ ትጠይቃለህ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይመልሳል፣ መልሱን አትናገርም፣ ከዚያ ከጎረቤትህ ጋር ተከራከር ትላለህ፣ እንደገና ትጠይቃለህ። ሰዉ መልሱን የሚለውጠው አንተ ስላስረዳኸው ሳይሆን አጠገቡ ያለው ልጅ ስለተከራከረው ነው። እጅ ማውጣት ይበቃል። መብራት እንኳን ባይኖር ይሠራል። ስለዚህ «ተከራከሩ» ልል አፌን ስከፍት፣ ከኋላ፣ ከመስኮቱ በኩል፣ አፏን ከፍታ የማታውቅ ልጅ...

«ቲቸር፣ አያቁሙት። ሲቆም ነው የማይገባኝ።»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ፣ ጫጫታ ሆነ፣ ደወል ተደወለ። ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልሆነም።

ግን «ሲቆም» ምኑ ነው የሚቆመው?

ቆይ፣ መጀመሪያ ምን እንደመሰለኝ ልንገራችሁ። ቪዲዮው መሰለኝ። ቪዲዮውን አያቁሙት፣ ዝም ብሎ ይሂድ፣ እኛ እንይ። እና ወዲያው ከፋኝ። የከፋኝ እሷ ላይ አይደለም። እኔ እኮ... ያው ታውቃላችሁ፣ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። ከእናንተም ውስጥ የፕላዝማ ልጆች አላችሁ፤ በድምፃችሁ አውቃችኋለሁ። ወጣቶቹ ምን እንደሆነ አታውቁም መሰለኝ። 1997 አካባቢ ነው የተጀመረው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ፣ በየሁለተኛ ደረጃው ክፍል። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30ው የፕላዝማው ነው። መምህሩ መግቢያ ትንሽ ይናገራል፣ ጥግ ይይዛል፣ መጨረሻ ላይ የተረፈችውን ደቂቃ ይለቃቅማል። ሴትዮዋ ከስክሪኑ ትጠይቀናለች። ትጠብቃለች፣ ሙዚቃ አለ። ከዚያ «ቬሪ ጉድ!» ትላለች። ማንን ነው? እኛ ስድሳ ልጆች አፋችንን ከፍተን ነው ያለነው። ማንን ነው ያመሰገነችው እስከ ዛሬ አላውቅም።

መብራት ከሄደ ትምህርቱ ሄደ። ነገ የሚመጣው የነገው ነው፤ የትናንቱ አይመለስም።

የፊዚክስ መምህራችን አንድ ቀን ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ ሪሞቱን አነሱና ድምፁን ዘጉት። ሴትዮዋ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ እሳቸው ከጎን ቆመው በአማርኛ ያስረዱናል፤ በጠመኔ የስክሪኑን ስዕል ሰሌዳው ላይ ይገለብጣሉ፣ ግን ስዕሉ ይቀየርባቸዋል፤ ይሮጣሉ፣ አሁንም ይቀየርባቸዋል። ላብ በላብ ሆኑ። ድምፁን መዝጋት ይችላሉ፣ ማቆም ግን አይችሉም። እኔ የዚያን ቀን ነው መሰለኝ አስተማሪ ልሁን ያልኩት። ወይ በፍፁም አልሁን ያልኩት። አንዱን ነው።

ስለዚህ ስለ ቴክኖሎጂ ያለኝ ሃይማኖት አንዲት ናት። መምህሩ ሊያቆመው የማይችለው ነገር የማስተማሪያ መሣሪያ አይደለም። ስልጠና በሄድን ቁጥር አፕ ነው የሚነገረን፤ ይሄን ይጫኑ፣ እዚህ ጋ ይመዝገቡ፣ ሰርተፊኬት ይውሰዱ። መቼ ታቆማለህ፣ አቁመህ ምን ትጠይቃለህ የሚል አሰልጣኝ ገጥሞኝ አያውቅም። ባልደረባዬን ጋሽ ስላይድን ታውቁታላችሁ፤ ዘጠና ስላይድ በአንድ ክፍለ ጊዜ። አይቆምም። እሱ እኮ የሰው ፕላዝማ ነው! ይሄን ሲሰማ ይስቃል፣ እሱን ነው የምወድለት። «ፒዲኤፉንም ልኬላቸዋለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» ይላል። ፒዲኤፍ! አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ ራሱ ለብዙው ልጅ በፒዲኤፍ አይደል የደረሰው? ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ላይ፣ ሌሊት፣ በሁለት ጣት እያሰፋ። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ፣ ሙሽራዋ አይደለችም ሌላዋ ናት፣ ልጇ ከትምህርት ቤት ክሮምቡክ የሚባል ላፕቶፕ ተሰጥቶታል፤ እሷ ደግሞ ወረቀት ላይ ጻፍ እያለች ስትለምነው ትውላለች። ስዊድኖች በፈረንጆቹ 2023 «ወደ መጽሐፍ እንመለስ» አሉ፣ መንግሥት ለመጽሐፍ መግዣ ገንዘብ መደበ። እኛ የምንመለስበትን መጽሐፍ ገና እየጠበቅን ነው። አትሳቁ። ምን እያልኩ ነበር?

አዎ። አያቁሙት።

እና እኔ በሃይማኖቴ የማቆምላትን፣ የኔ መምህር ማቆም አቅቷቸው ላብ ያጠመቃቸውን ነገር፣ ልጅቷ አያቁሙት አለችኝ። ሲቆም ነው የማይገባኝ። ወዲያው ትዝ ያለኝ አንድ ጥናት ነው። ሃርቫርድ ውስጥ ዴሎሪዬ የሚባል ሰው ከባልደረቦቹ ጋር በፈረንጆቹ 2019 ያወጣው። እሱም ፊዚክስ ነው። ተማሪዎቹን ሁለት ቦታ ከፈሏቸው፤ አንዱ ወገን ጥሩ ተናጋሪ መምህር ያስረዳዋል፣ ሌላው በቡድን እየታገለ ራሱ ይሠራል። ይዘቱ አንድ ነው። ሲፈተኑ የታገሉት በለጡ። ግን «ምን ያህል ተማርኩ ትላለህ?» ሲባሉ፣ ብዙ ተማርን ያሉት የሰሙት ናቸው። የሚፈስ ነገር የገባህ ይመስልሃል። ሲቆምና ስትጠየቅ ነው እንዳልገባህ የምታውቀው። ስለዚህ ልጅቷ እውነቷን ነው አልኩ። ሲቆም ነው የማይገባት። ሲሄድ የገባት የመሰላት ነው። አበቃ፣ ተፈታ፣ ደስ ብሎኝ ሻይ አፈላሁ።

ሻዩን ሳልጨርስ ሌላ ነገር መጣብኝ።

ኳሷስ? ቪዲዮው ሳይሆን ኳሷ ብትሆንስ የቆመችው?

አስቡት። ጫፍ ላይ ያለችው ኳስ፣ ያ ስዕል፣ ያ አቁሜ ያሳየኋቸው ስዕል፣ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠች ኳስ በምን ይለያል? በምንም! አየር ላይ ያለች ኳስ ነች፣ ቆማለች፣ ፀጥ ብላለች። እኔ ደግሞ «አክስለሬሽኗ ስንት ነው?» እላለሁ። ቬሎሲቲዋ፣ ፍጥነቷ፣ ዜሮ ነው፤ እሺ። አክስለሬሽን ግን የለውጥ ነገር ነው፤ ከዚህች ቅጽበት ወደ ቀጣይዋ ምን ተለወጠ የሚል። ቀጣይዋን ቅጽበት ደብቄባቸው ስለ ለውጥ እጠይቃቸዋለሁ። «ዜሮ» ያለው ክፍል በሙሉ ያየውን ነው የተናገረው። የቆመ ነገር አሳየኋቸው፣ የቆመ ነው አሉ። እና አንዲቷ ብቻ፣ ከኋላ፣ አያቁሙት፣ ሲቆም ነው የማይገባኝ...

ይሄ ከሆነ እኮ በክፍሉ ውስጥ ፊዚክስ ያወራችው እሷ ብቻ ናት።

ወይም ደግሞ ዝም ብላ ቪዲዮ ማየት ፈልጋ ነው። አላውቅም። እውነቴን ነው፣ እየዞርኩ ነው ያለሁት። አስራ አራት ዓመቷ ነው፤ ባለጉዳዩ ኳስ ሊወረውር ሲዘል ማየት አስቂኝ ነው፤ ምናልባት እሱን ነው የፈለገችው።

ለማንኛውም በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ አስተማሪ ከሆናችሁ ውሰዱት፣ ዋጋ የለውም። አላቆምኩትም፤ ለቅቄም አልተውኩትም። ስልክ በሴኮንድ 30 ምስል ይቀርፃል አይደል? ቪዲዮውን ምስል በምስል የሚያሳልፍ ማጫወቻ ሞልቷል፣ ነፃ ነው። በየሦስት ምስሉ፣ ማለትም በየአሥረኛ ሴኮንዱ፣ አንድ ልጅ እየመጣ ኳሷ ያለችበትን ቦታ ወረቀቱ ላይ በማርከር ነጥብ ያደርጋል። ፕሮጀክተሩ እንዳይነካ ብቻ ለምኑ፤ ከተነካ ሁሉም ነገር ገደል ነው። ሲያልቅ ፕሮጀክተሩን አጠፋሁት። ነጥቦቹ ብቻ ቀሩ። ከዚያ ማስመሪያ።

ወደ እውነተኛ ልኬት ስንመልሰው፣ ያው ጫፏ አንዱ ምስል ላይ ከገጠመላችሁ፣ ስትወጣ በነጥቦቹ መሀል ያለው ርቀት 25 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ 5። ስትወርድ 5፣ 15፣ 25። ርቀቱ ፍጥነቷን ነው የሚያሳየው፤ ስትወጣ በየጊዜው አሥር አሥር እየቀነሰ ነው። ስትወርድ አሥር አሥር እየጨመረ። ጫፉ ላይስ? ጫፉ ላይ ነው ነገሩ! ወደ ላይ 5 ከነበረው ወደ ታች 5 ሆነ። እሱስ ስንት ነው ለውጡ? እሱም አሥር! ጫፍ ላይ አላረፈችም፣ ለውጡ ለአንዲት ቅጽበት አልተቋረጠም። አንዱ ልጅ፣ ያ ሁሌ የሚያረፍደው፣ ማስመሪያውን ይዞ «እንዴ!» አለ። ለዚያች «እንዴ» ነው ደመወዝ የምቀበለው፤ ደመወዙንማ ታውቁታላችሁ።

አያችሁ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዲጂታል የነበረው አሥራ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረው ማርከርና ማስመሪያ ነው። ግን ያለ ስልኩ ደግሞ አይሆንም፤ በአሥረኛ ሴኮንድ ኳስ የሚከተል ዓይን የለንም። ዓይናችን የማይደርስበት ጋ ስልኩ ይግባ፣ ዓይናችን ሲደርስ ይውጣ... እንደዚህ ስለው ንጹሕ ይመስላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ኤሌክትሪክ ስጀምር ይፈርስብኛል።

እና ልጅቷ ያን ቀን የለችም። ቀርታለች።

ቪዲዮውን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት፤ የነጥቦቹንም ፎቶ። ከመጋቢት 2012 ጀምሮ፣ ትምህርት ቤት በኮሮና ከተዘጋ ወዲህ፣ ግሩፕ የሌለው ክፍል የለኝም። እና ከኮሮና የተረፈልኝ ትልቁ ነገር እሱ ነው እላለሁ፤ ክፍል ውስጥ ድምፃቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ልጆች ማታ ሦስት ሰዓት ላይ «ቲቸር አንድ ጥያቄ ነበረኝ» ይላሉ። በተለይ ሴቶቹ። ያ ሁሉ ጥያቄ ቀን የት ነበር? የሚስቅባቸው የለም፣ ለዚያ ነው። ፊዚክሱን ከኔ በላይ የሚያስረዳቸው ዝምታው ይመስለኛል አንዳንዴ።

ግን እሷ የራሷ ስልክ የላትም። ግሩፑ ውስጥ ያለችው በወንድሟ ነው፤ የእግር ኳስ ተጫዋች ፎቶ፣ የወንድሟ ስም። ቪዲዮው ታይቷል ይለኛል። ማን አየው? እሷ ነች ወይስ ወንድሟ ነካክቶት አለፈ? ስልኩ እጇ የሚገባው መቼ ነው? እኔ እዚህ ማይክ ፊት ቁጭ ብዬ ስለ ዲጂታል ትምህርት እተነትናለሁ፣ እሷ ወንድሟ እስኪተኛ እየጠበቀች ይሆናል። ወይ ጨርሶ ረስታው ይሆናል፣ ለኔ እንጂ ለሷ ምንም አይደለም ይሆናል።

ተመልሳ መጥታለች። እዚያው ቦታዋ ናት። ባለፈው ምን ማለትሽ ነበር ብዬ ልጠይቃት እያልኩ እተዋለሁ። ለምን መሰላችሁ፣ ብጠይቃት «ምንም ቲቸር» ነው የምትለኝ፤ በዚያ ላይ ከሰው ፊት ብጠይቃት እንደገና ይስቁባታል፣ ለብቻዋ ብጠራት ደግሞ ያጠፋች ይመስላታል። ቴሌግራም ላይ ልጻፍላት? ለወንድሟ እኮ ነው የምጽፈው። ባለጉዳዩ «ኳሷን ስጫትና ትወርውራት፣ አትጠይቂያት» አለኝ፤ ነገሩ መጥፎ አይደለም፣ ግን ግቢው ውስጥ ሠላሳው ልጅ ኳሷን ሲያይ የሚሆነውን... ወይ ደግሞ እሷ ትቅረፅ፤ ሌላው ይወርውር፣ የኔን ስልክ ልስጣትና እሷ የፈለገችበት ጋ... አይ፣ ስልኬ ውስጥ ደግሞ እናንተ አላችሁ፣ የሠርጉ ቪዲዮም እዚያው ነው፣ እሱን መጀመሪያ ወደ ላፕቶፑ ላውጣ፣ ላፕቶፑ ደግሞ ሞልቷል...