ዘንድሮ ፓታን እንሂድ፦ የዓመታዊ ስብሰባችን መክፈቻ ንግግር

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ከሱራትና ከቫዶዳራ በባቡር ለመጣችሁ ምስጋናችን ትልቅ ነው። ዘንድሮ የገባችሁ አዲስ ተማሪዎች ደግሞ፣ የሕንዷ ጉጅራት ቤታችሁ ይሁን።

የሥራ ሪፖርቱ እጃችሁ ላይ ስላለ አላነበውም። የማወራው የዓመቱ ጉዟችን ፓታን ከተማ፣ ራኒ ኪ ቫቭ ወደተባለው የጥንት ባለ ደረጃ የውሃ ጉድጓድ እንዲሆን ስላቀረብነው ሐሳብ ነው። "አንድ የውሃ ጉድጓድ ለማየት ከአህመዳባድ 125 ኪሎ ሜትር?" ያላችሁኝ አላችሁ። አዎ፣ ያስኬዳል።

እዚህ አገር ዝናቡ የጥቂት ወር ነው። ከዚያ ውሃው ወደ መሬት ውስጥ እየሸሸ ይሄዳል። ስለዚህ የጥንቶቹ ሰዎች እስከ ውሃው ድረስ ደረጃ ሠሩ፤ ሲሞላ ከላይ ይቀዳሉ፣ ሲጎድል ወርደው ይደርሱበታል። የፓታኑን በ11ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራችው ንግሥት ኡዳያማቲ ናት፣ ለባሏ ለቀዳማዊ ቢማ መታሰቢያ እንዲሆን። ሰባት ደርብ ወደ ታች ነው። ከ500 በላይ ትልልቅ ቅርጾች አሉት፣ ትንንሾቹ ከሺህ ያልፋሉ።

በኋላ የሳራስዋቲ ወንዝ ጎርፍ በደለል ደፈነውና ለዘመናት ተቀብሮ ቀረ። ቅርጾቹን ያተረፋቸውም ያው ደለል ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የሕንድ መንግሥት የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ቆፍረው አወጡት፣ በ2014 ዩኔስኮ መዘገበው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ሐምራዊ መቶ ሩፒ ገልብጡት፣ ጀርባው ላይ አለ።

እኔን ከሁሉም በላይ የያዘኝ ግን ጥገናው ነው። ስትወርዱ ዓምዶቹን ቀረብ ብላችሁ እዩ። አማልክት፣ ጭፈራ፣ ሐረግ በተቀረጸበት ድንጋይ መሃል ድንገት ልሙጥ፣ ምንም ያልተቀረጸበት ድንጋይ ታገኛላችሁ። ያ አዲሱ ነው። የገባው ሕንጻው እንዳይናድ ወይም የቀረው ቅርጽ እንዳይጎዳ ባስፈለገበት ቦታ ብቻ ነው፤ የጥንት እንዲመስል ማንም አልሞከረም፣ ስለዚህ የዛሬ ዘጠኝ መቶ ዓመቱ ጠራቢ እጅ የቱ ጋ እንደሚያልቅ በዓይናችሁ ትለያላችሁ። አገር ቤት ጥገና ተብሎ በሲሚንቶ የተለሰነ የጥንት ግድግዳ አይቼ አንጀቴ ያረረበት ጊዜ አለ። መሃላችን የሲቪልና የአርክቴክቸር ተማሪዎች አሉ፤ ነገ አገር ቤት እንዲህ ያለ ሥራ እጃችሁ ሊገባ ይችላል፣ ለዚህ ነው ፓታንን እንድታዩልኝ የምለምነው።

ስንመለስ እዚሁ አህመዳባድ የሲዲ ሰይድ መስጊድ ጎራ እንላለን። በ1573 አካባቢ ያሠራው ሰው የዘር ሐረጉ ከሐበሻ ነው፤ የድንጋይ መስኮቶቹን ላላያችሁ አሳያችኋለሁ።

እሺ፣ ፓታን ይሁን የምትሉ እጃችሁን አውጡ።