በአማርኛ የሚሰማ አሠልጣኝ ያስፈልገናል

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎችና ወላጆች የተዘጋጀ ንግግር)

እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በተለይ ደግሞ ኮሌጅ ልትጨርሱ የተቃረባችሁ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። ቅዳሜ ማታ ለታክሲ ሥራ ዋናው ሰዓት ነው። ሆስፒታልም የቅዳሜ ፈረቃ አለ። ያንን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

እኔ የጥንዶችና የቤተሰብ ቴራፒስት ነኝ፤ ባልና ሚስትን፣ ቤተሰብንም በንግግር የምረዳ ባለሙያ ማለት ነው። አሁን ተማሪዎችንም አሠለጥናለሁ። ዛሬ የተጠራሁት ይህ ሙያ እንዴት እንደሚማሩት እንድነግራችሁ ነው። ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልበለው። ማኅበረሰባችን አማርኛ የሚችሉ ቴራፒስቶች በጣም ያስፈልጉታል። እነሱን ለማግኘት ግን ተማሪውን በአማርኛ ሰምተው የሚያርሙ አሠልጣኞች መኖር አለባቸው። እነዚህ ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ስለ ሙያው አመጣጥ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ከደጃችን ነውና። ቤተስዳ ከዚህ ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1954 ሙሬይ ቦወን የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም እዚያ በሚገኘው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ሥራ ጀመረ። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ብቻቸውን አላስተኛቸውም። መጀመሪያ እናቶቻቸውን አብሮ አስገባ። ቀጥሎ አባቶችና ወንድም እህቶች ጭምር ሆስፒታሉ ውስጥ እንዲኖሩ አደረገ። የሚያየው በሽተኛውን ብቻ አልነበረም። በሰዎቹ መካከል የሚሆነውን ነበር የሚከታተለው። በ1959 ወደ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 እስኪሞት ድረስም እዚያው አስተማረ። እኛ በየቀኑ በምናልፍበት መንገድ ዳር የተጀመረ ሥራ ነው።

ብዙ ሰው «ይሄማ የሽማግሌ ሥራ ነው፤ ምን ማስተርስ ያስፈልገዋል?» ይለኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ትዳር ሲናጋ የት እንደምንሄድ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ሽማግሌ አለ፤ የንስሐ አባት አለ፤ ሚዜም ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ኃላፊነት አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚያየው የቤተ ዘመድ ሽማግሌ እንዲሆን አድርጎ ነበር። ፍቺ የመወሰን ሥልጣን ወደ ፍርድ ቤት የዞረው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። ሽማግሌን አቃልዬ አላውቅም። ብዙ ቤት አቁሟል።

ግን ሥራው ሌላ ነው። ሽማግሌ ሰምቶ ጥፋተኛውን ይለያል፤ ይቅር ያባብላል፤ ያስታርቃል። «ስለ እኔ ስትሉ» ይላል፤ ለእሱ ሲባልም ይታረቃሉ። ቴራፒስት አይፈርድም። ለእሱ ተብሎ የሚደረግ ዕርቅም አይፈልግም። ባልና ሚስቱ ክሊኒኩ ውስጥ የሚጣሉበትን መንገድ ራሳቸው እንዲያዩት ያደርጋል። ከዚያ እዚያው ቁጭ ብለው በሌላ መንገድ እንዲነጋገሩ ያለማምዳቸዋል። የእኛ ተማሪዎች ላይ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ሽምግልና በደማችን ስላለ፣ ሰዓቱ ሳይጋመስ «በቃ ይቅር ተባባሉ» ማለት ያምራቸዋል። ዝም ብሎ መቆየትን መማር ወራት ይወስዳል።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ሰዎቹ እውነተኛ አይደሉም። ከብዙ ቤት የሚታየውን አሰባስቤ የሠራኋቸው ናቸው፤ የደንበኛን ታሪክ መድረክ ላይ አላወጣም።

ባል 58 ዓመቱ ነው፤ ሌሊት ታክሲ ይነዳል። ሚስት 42 ናት፤ ቀን ቀን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች። የሚነጋገሩት በቴሌግራም ነው። «ልጁን አምጣው»፣ «የመብራት ተከፍሏል»፣ ከዚያ የዘለለ ነገር የለም። የተጣሉት አገር ቤት በተላከ ገንዘብ ነው። እሱ ለወንድሙ ቤት ማስጨረሻ ላከ፤ እሷ ግን ወሬውን የሰማችው ከእህቱ ነው።

ሠልጣኟ ደግሞ 26 ዓመቷ ነው። እዚህ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋም ጥሩ የሆነ ጎበዝ ልጅ ናት። በሩን ከፈተችላቸው። ለባልየው «ጋሼ፣ እባክዎ እዚህ ይቀመጡ» አለችው። ወደ ሚስትየው ዞር ብላ «አንቺም እዚህ ቁጭ በይ» አለቻት። ገና ምንም አልተጠየቀም። ሚስትየው ግን ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋንም ጭኗ ላይ አደረገች። ሰዓቱ እስኪያልቅ ኮቱ አልወለቀም።

ተማሪዎች ሥራቸው በቪዲዮ ይቀረጻል፤ ወይም አሠልጣኙ ከመስታወት ጀርባ ሆኖ ይከታተላል። አማርኛ የማይሰማ አሠልጣኝ ይህን ቪዲዮ ቢያይ፣ ኮቱ እንዳልወለቀ ያያል። ለምን እንዳልወለቀ ግን አይደርስበትም። ልጅቷ የተናገረችውን ተርጉማ ስታቀርብለት፣ በእንግሊዝኛ ሁለቱም እኩል ተጠርተዋል። «ጋሼ» የሚለውም በትርጉሙ መሃል ይጠፋል። እኔ ግን በመጀመሪያው ደቂቃ ቪዲዮውን አቆመዋለሁ። አንዱን አክብራ ሌላዋን «አንቺ» ብላ ጀምራለች። ባልየው ታናሽ እህት አግኝቷል፤ ሚስትየዋ ደግሞ ገና ከበሩ የተፈረደባት መስሏታል። ልጅቷ ይህን ያደረገችው በክፋት አይደለም፤ በጨዋ ቤት ስላደገች ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው። ሁለቱንም «እርስዎ» ብላ ትጀምራለች። ቀጥላ «እንዴት ብጠራችሁ ደስ ይላችኋል?» ብላ ትጠይቃለች። ይህን የሚያርማት ሰው ካጣች ግን ፈቃድ አግኝታም እንዲሁ ትቀጥላለች።

ሌላም አለ። ተማሪ የራሱን ንግግር ሲተረጉም ሳያስበው ያሳምረዋል። የተቆረጠው ዐረፍተ ነገር ይሞላል፤ ሽሙጡ ተራ ጥያቄ ይሆናል። እኛ ደግሞ ዋናውን ነገር በቀጥታ የምንናገር ሰዎች አይደለንም። ሚስት «እሱ እኮ ለሰው ጥሩ ነው» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ እዚህ ያላችሁ እናቶች ሁሉ ታውቃላችሁ። ወረቀት ላይ ግን ምስጋና ነው።

ወደ ትምህርቱ ልግባ። ተማሪ ከሚሠራቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ የራሱን ቤተሰብ ጄኖግራም መሣል ነው። ቢያንስ የሦስት ትውልድ ሥዕል ነው፤ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን በማን እጅ እንዳደገ የሚያሳይ። እኛ ዘር እስከ ሰባት ቤት ስንቆጥር የኖርን ነን፤ ስሞቹን መጻፍ አያቅተንም። የሚያቅተን መስመሮቹን ማስመር ነው። በደርግ ጊዜ ስለታሰረው አጎት ቤት ውስጥ አይወራም። በሱዳን በኩል የመጣች እናት መንገዱ ላይ የሆነውን ለልጇ ነግራ አታውቅም። ተማሪው ወደ እናቱ ደውሎ ሲጠይቅ ስልኩ ላይ ረጅም ዝምታ ይሆናል። እዚህ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ አንድ ቀን እንዲህ ብሎ ከደወለ እባካችሁ አትቆጡት። የቻላችሁትን ያህል ንገሩት፤ ያልቻላችሁትን «አልችልም» በሉት። እሱም መልስ ነው።

ሳልናገረው የማላልፈው ነገር ድብደባን ይመለከታል። ተማሪ ባልና ሚስትን አንድ ላይ ከማየቱ በፊት እያንዳንዳቸውን ለብቻ ማነጋገርን ይማራል። ቤት ውስጥ ዱላ ካለ፣ ማስፈራራት ካለ፣ አንዱ ሌላውን የሚፈራ ከሆነ አንድ ላይ አስቀምጦ ማነጋገር አደገኛ ነው። ክሊኒክ ውስጥ እውነቱን ያወጣች ሴት ቤት ስትገባ ዋጋዋን ትከፍላለች። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚታሰበው ደኅንነቷ ነው፤ ጥንድ ቴራፒው ይቆያል። «ቻይው፣ ለልጆችሽ ስትይ» የሚለው ምክር ስንቱን ቤት እንደጎዳ ሁላችንም እናውቃለን። በሠለጠነ ባለሙያና ባልሠለጠነ መካሪ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ልጅ እየተጎዳ እንደሆነ የሚያስጠረጥር ነገር ሲገኝ ደግሞ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ የሕግ ግዴታ ነው። ይህንንም ደንበኛው ከመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል።

ስለ ምሥጢርም ልበል። «ቴራፒስቱ አበሻ ከሆነ ወሬው ሰፈር ይዳረሳል» የሚል ፍርሃት አለ። ፍርሃቱ ይገባኛል። እኛ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ እንጀራ ስንገዛ ሳይቀር እንገናኛለን። ስለዚህ ተማሪዎቼ በመጀመሪያው ቀን ለደንበኛው እንዲህ ይላሉ፦ «ውጭ ብንገናኝ እኔ ቀድሜ ሰላም አልልዎትም። ንቄ አይደለም። ሰላም ካሉኝ እመልሳለሁ፤ ካላሉኝም የት እንደተዋወቅን ማንም አይጠይቅም።» በእኛ ባህል አይቶ ማለፍ ኩርፊያ ነው፤ አስቀድሞ ካልተነገረ ያስቀይማል። ዘመድን፣ የማኅበር ጓደኛን፣ የአከራይን ልጅ ደግሞ ጭራሽ አንቀበልም፤ ወደ ሌላ እንልካለን። ይህንን ሁሉ ማድረግ የምንችለው ግን ሌላ አማርኛ የሚችል ሰው ካለ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ለአንድ ከተማ አይበቃም።

መንገዱ ምን ይመስላል? መጀመሪያ ባችለር ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ሳይኮሎጂ መሆን የለበትም። ነርሲንግም ሆነ አካውንቲንግ የተማረ ሰው ሊያመለክት ይችላል፤ አንዳንድ ቦታ ጥቂት ተጨማሪ ኮርስ ይጠየቃል። ማስተርሱ ብዙ ጊዜ 60 ክሬዲት ገደማ ነው፤ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ሙያ ሲያስተምር ኖሯል፤ ተማሪዎቹ ቤተሰቦችን የሚያዩበት ክሊኒክም ግቢው ውስጥ አለው። እንዲህ ያሉ የተማሪ ክሊኒኮች በአብዛኛው ክፍያቸው እንደ ገቢ ነው። ወላጆች፣ ይህን ለራሳችሁም ያዙት።

ከምርቃት በኋላ ሥራው ይቀጥላል። ቨርጂኒያ ለሙሉ ፈቃድ 3,400 ሰዓት በክትትል ሥር መሥራትን ትጠይቃለች። ከዚህ ውስጥ 2,000ው ፊት ለፊት ደንበኛ የሚታይበት ነው፤ የእሱም ግማሽ ከጥንዶች ወይም ከቤተሰብ ጋር መሆን አለበት። ካሊፎርኒያ 3,000 ሰዓት ትጠይቃለች። ፈተናም አለ። ሕጉ በየስቴቱ ይለያያል፤ ስለዚህ ትምህርት ቤት ከመምረጣችሁ በፊት የት መኖር እንደምትፈልጉ አስቡ። በተለይ ኦንላይን ለሚማር ሰው ይህ ወሳኝ ነው። ትምህርት ቤቱ በሙያው ዕውቅና ሰጪ ኮሚሽን የጸደቀ መሆኑንም አረጋግጡ። ማስታወቂያ አይታችሁ ብቻ ገንዘብ አትክፈሉ።

ገንዘቡን አልደብቃችሁም። ትምህርቱ ውድ ነው፤ የክሊኒክ ልምምዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ክፍያ የለውም። «ልጄ ሐኪም ወይም ኢንጂነር ይሁንልኝ» የሚል ወላጅ ለምን እንደሚሰጋ ይገባኛል። ግን ሙያው መሠረት ይዟል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ50ውም ስቴቶች ፈቃድ የሚሰጥበት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ወዲህ ደግሞ ሜዲኬር፣ ማለትም የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ ለቤተሰብ ቴራፒስቶች በቀጥታ ይከፍላል። ስለዚህ አያቶቻችንም ሊመጡ ይችላሉ ማለት ነው። ማን በቋንቋቸው ያነጋግራቸዋል? ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ አንዳንዴ የሚያስተረጉመው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ልጅ የእናትና የአባቱን ጸብ እንዲተረጉም መደረጉ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ልናቆመው ይገባል።

ሌሎች ማኅበረሰቦች ይህን አድርገውታል። ፊላደልፊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የቤተሰብ ቴራፒ መምህራን የነበሩት ሳልቫዶር ሚኑቺን፣ ጄይ ሄሊና ብራውሊዮ ሞንታልቮ ከድሃ ሰፈሮች ዲግሪ የሌላቸውን ሰዎች መርጠው የቤተሰብ ቴራፒስት እንዲሆኑ አሠለጠኗቸው። ተማሪው ሲሠራ አሠልጣኙ ከመስታወት ጀርባ ሆኖ እያየ ያርመው ነበር። ዛሬ ሕጉ ያለ ዲግሪ አይፈቅድም፤ አቋራጭ እያሳየኋችሁ አይደለም። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው እነዚያ ሰዎች ባለሙያ የሆኑት ሲሠሩ ቁጭ ብሎ የሚያያቸው ሰው ስለነበረ መሆኑን ነው።

ስለዚህ ፈቃድ ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ ጥቂት ዓመት ከሠራችሁ የሱፐርቫይዘርነት፣ ማለትም የአሠልጣኝነት፣ ሥልጠናውን ውሰዱ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ለአንድ ተማሪ ስጡ። የማኅበራችን መሪዎች፣ የሠልጣኞችን የክትትል ክፍያ የሚሸፍን ገንዘብ አሰባስቡ፤ ለአዳራሽ ኪራይ የምናዋጣውን ያህል እንኳ ቢሆን። ተማሪዎች ደግሞ ለማስተርስ ስታመለክቱ በቃለ መጠይቁ ላይ ይህን ጠይቁ፦ «ደንበኞቼን በአማርኛ ባነጋግር፣ ማን ይሰማኛል?» ብዙዎቹ መልስ አይኖራቸውም። ጥያቄው ሲደጋገምባቸው ግን መፈለግ ይጀምራሉ። ያኔ እኛን እንዲያገኙን፣ አማርኛ የሚችሉ ሱፐርቫይዘሮች ዝርዝር ማዘጋጀት ጀምረናል። መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄ እንግባ። ወላጆች፣ ከእናንተ እንጀምር።