ቻቱ ፍሬቻችን ነው

እንደምን አመሻችሁ።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ከሥራ ተጣድፋችሁ፣ ትንንሾቹንም ይዛችሁ፣ በዚህ ብርድ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

አዲሱ የውድድር ወቅታችን እሁድ ይጀመራል። እንደ ዳኛችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ስለ መኪና ምርጫ አይደለም። ስለ መሪና ፔዳል ዋጋም አይደለም። አይሬሲንግ ውስጥ ስላለችው ትንሽ የቻት ሳጥን ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ለወላጆች ላስረዳ። ልጆቻችሁ ማታ ማታ በር ዘግተው ኮምፒውተር ላይ የሚነዱበት ፕሮግራም አይሬሲንግ ይባላል። የተሠራው ማሳቹሴትስ ውስጥ ነው። ለሕዝብ የተከፈተው በ2008 ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ዴቭ ኬመር፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመኪና ውድድር ጌም ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። የውድድር ሜዳዎቹ በሌዘር ተለክተው ነው የገቡት። አስፋልቱ ላይ ያለች ጉብታ ሳትቀር መሪው ላይ ትሰማለች። ደግሞ እዚያ የቅጽል ስም የለም። ሁሉም የሚነዳው በእውነተኛ ስሙ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ሹፌሩን አስቡት። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው። እግሩ ፔዳል ላይ ነው። ከፊቱ መኪና አለ፣ ከኋላው መኪና አለ። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 50 ሜትር ይሄዳል። አንዲት አጭር ቃል ኪቦርድ ላይ ለመጻፍ 4 ሰከንድ ቢፈጅባችሁ፣ 200 ሜትር መንገድ ሳታዩ ነድታችኋል ማለት ነው።

እኔ እንደዚያ ነድቻለሁ። ዛሬ እዚህ የቆምኩትም ለዚህ ነው።

ላይም ሮክ ላይ ነበር። ላይም ሮክ ኮነቲከት ውስጥ ያለ አጭር ሜዳ ነው፤ አንድ ዙሩ 1.5 ማይል ነው። ብዙ ጀማሪ በማዝዳ ኤምኤክስ-5 ስለሚማርበት፣ እዚህ ያላችሁ ሹፌሮች በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። የመጨረሻው ኩርባ ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ ቀጥታው ይመጣል። ቀጥታው ሲያልቅ ቢግ ቤንድ የሚሉት ትልቁ የቀኝ ኩርባ አለ።

እዚያ ቢግ ቤንድ ላይ አንድ ልጅ ነካሁ። መኪናው ዞረ። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ሆዴን በላኝ። ዙሩን ጨርሼ ቀጥታው ላይ ስደርስ፣ «እዚህ ጋ ጊዜ አለኝ» ብዬ ቻቱን የሚከፍተውን ቁልፍ ተጫንኩ። ሳጥኗ ተከፈተች። በአንድ እጄ ይቅርታ ልጽፍ ጀመርኩ። ዓይኔ ኪቦርዱ ላይ ነበር። ቀና ስል ፍሬን የምይዝበት ቦታ አልፏል። ከፊቴ በሰላም የሚሄዱ ሁለት መኪኖች ላይ ወጣሁባቸው። አንደኛው ልጅ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስተኛ ሆኖ ሊጨርስ ሦስት ዙር ነበር የቀረው።

መኪናዬ ከመንገድ ወጥታ ቆመች። ስክሪኑን አየሁት። ሳጥኗ ውስጥ የይቅርታዬ ግማሽ ቀርታለች። አልተላከችም።

ይቅርታ ለመጠየቅ ማሰቤ ልክ ነበር። ግን ያንን ይቅርታ መንገድ ላይ ልጽፈው አይገባኝም ነበር። ቀድሞ ተጽፎ መቀመጥ ነበረበት።

አገር ቤት መንጃ ፈቃድ ያወጣችሁ ታስታውሳላችሁ። አስተማሪው አጠገባችሁ ተቀምጦ «ፍሬቻ! ፍሬቻ አሳይ!» ይላችሁ ነበር። ከመታጠፋችሁ በፊት ነው የሚለው። ከታጠፋችሁ በኋላ የሚበራ ፍሬቻ ለማንም አይጠቅምም። ላይም ሮክ ላይ ፍሬቻ የሚያበራ መኪና የለም። እኛ ያለን ቻቱ ነው። ሰው ከኋላችን ሆኖ ምን ልናደርግ እንደሆነ የሚያውቀው በዚያ ነው። እኛ ግን፣ እውነቱን እንነጋገር፣ እስከ ዛሬ እንደ ክላክስ ስንጠቀምበት ነው የቆየነው። ሰው ሲያናድደን እንጮህበታለን።

ታዲያ እጅ በሌለበት ፍሬቻው እንዴት ይበራል? አይሬሲንግ ውስጥ አስቀድመው የሚዘጋጁ መልእክቶች አሉ። ከውድድሩ በፊት፣ ሻያችሁን እየጠጣችሁ፣ በሁለት እጃችሁ ትጽፏቸዋላችሁ። ከዚያ እያንዳንዱን መሪው ላይ ካለ አንድ ቁልፍ ጋር ታገናኙታላችሁ። ብዙ ሰው የሚዘነጋት አንዲት ነገር አለች፤ መልእክቱ መጨረሻ ላይ የዶላር ምልክት አድርጉ። ምልክቷ ካለች፣ ቁልፉን እንደነካችሁ መልእክቱ በራሱ ይሄዳል። ከሌለች፣ ሳጥኗ አፏን ከፍታ ኢንተር እስክትሉ ትጠብቃለች። ለአንዲት የዶላር ምልክት ብላችሁ ውድድር አታበላሹ።

እኔ አሁን አራት መልእክት አሉኝ። አንዱ «ፒት እገባለሁ» ነው፤ ፒት ነዳጅ የሚሞላበት፣ ጎማ የሚቀየርበት ቦታ ነው። ከኋላዬ ያለው ሰው ለምን ፍጥነት እንደቀነስኩ እንዲገባው፣ ከመግቢያው በፊት ካለው ኩርባ ቀደም ብዬ እልከዋለሁ። ሌላው በዙር ተቀድሜ ውድድሩን የሚመሩት ሹፌሮች ከኋላ ሲመጡብኝ የምልከው ነው፤ «መስመሬን አለቅም፣ እለፈኝ»። ሰማያዊ ባንዲራ፣ ማለትም «በዙር የሚቀድምህ መጣ» የሚለውን ምልክት ሲያዩ ደንግጠው ወደ ግራ ወደ ቀኝ የሚሉ ልጆች አሉ። ቅንነታቸው ይገባኛል። ግን የሚያልፈው ሰው የሚፈልገው ወዴት እንደምትሄዱ ማወቅ ብቻ ነው። መስመራችሁን ያዙ፣ ማለፉ የሱ ሥራ ነው። ሦስተኛው «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» የሚል ነው። እሱን ለምን እንደጻፍኩት ነግሬያችኋለሁ።

አራተኛው ላይ ግን ቆም ልበል። ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

መኪናችሁ ዞሮ መንገድ መሃል ሲቆም፣ የመጀመሪያ ስሜታችሁ ነዳጅ መስጠት ነው። «ቶሎ ልውጣ፣ ቦታዬን ልመልስ» ትላላችሁ። አትስሙት። ፍሬናችሁን እርግጥ አድርጋችሁ ያዙ። የቆመ መኪና ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል፣ የትም አይሄድም። ከኋላ የሚመጣው ሰው አይቶ በጎኑ ያልፋል። እያፈገፈገ፣ ደግሞ ወደፊት እያለ የሚንቀሳቀሰው ነው አምስት መኪና የሚያስጨርሰው። እንግዲህ ፍሬኑን እንደያዛችሁ፣ አውራ ጣታችሁ አንድ ቁልፍ ትንካ፤ «ፍሬን ይዣለሁ፣ እለፉ»። ሦስት ቃል ነው። ከኩርባው ማዶ ያለው ሰው ገና ሳያያችሁ አነበበው። እግሩን አነሳ። አለፋችሁ። ያኔ ተነስታችሁ ትሄዳላችሁ። ባለፈው ወቅት ይህን ያደረገ አንድ ልጅ አይቻለሁ። ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ሰባት መኪና አንድ በአንድ በአጠገቡ አለፈ፣ ማንም አልነካውም። እናቱ እዚህ አሉ። እማማ፣ ልጅዎን ጥሩ አድርገው ነው ያሳደጉት።

ሳጥኗ ለንግግር ብቻም አይደለችም። በሃሽ ምልክት የሚጀምር መልእክት ለፒት ሠራተኞቻችሁ ትእዛዝ ነው፤ ስንት ሊትር ነዳጅ፣ የትኛው ጎማ። እሱን ለሚፈልግ በኋላ ላፕቶፑ ላይ አሳያለሁ።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ስለ ማይኩ።

ኤፕሪል 12 ቀን 2020 ነው። ኮሮና እውነተኛውን ውድድር ስላቆመው፣ ትልልቆቹ ሹፌሮች ከቤታቸው አይሬሲንግ ላይ ይነዱ ነበር። ካይል ላርሰን የሚባል የናስካር፣ የአሜሪካ ትልቁ የመኪና ውድድር፣ ሹፌር ማይኩ መሥራቱን እየሞከረ ነው። የሚሰማው የራሱ ረዳት ብቻ መስሎታል። ጥቁርን የሚያዋርድ ስድብ ከአፉ ወጣ። ቻናሉ ለሁሉም ክፍት ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ወዲያው ሁሉም እየሰማው እንደሆነ ነገረው። ግን ቃሉ ወጥቷል። ውድድሩን በቀጥታ የሚያስተላልፉም ስለነበሩ ዓለም ሰማው። በማግስቱ ናስካርም አይሬሲንግም አገዱት። ስፖንሰሮቹ ጥለውት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ቡድኑ ቺፕ ጋናሲ ሬሲንግ አሰናበተው።

ሰውየው ይቅርታ ጠየቀ፣ ሥልጠና ወሰደ። በ2021 ተመልሶ የናስካር ካፕ ሻምፒዮን ሆነ። መመለሱ ደስ ብሎኛል። ታሪኩን ያነሳሁት እሱን ልወቅስበት አይደለም።

እኛ ያ ቃል ሲወረወር ማን ላይ እንደሚያርፍ እናውቃለን። በዚህ አገር ኖረን አይተነዋል። ግን እኛስ? «ፈረንጆቹ አማርኛ አይሰሙም» ብለን፣ ማይኩን ተጭነን የምንለው ነገር የለም? እናት ሲሰደብ ሰምቻለሁ። የሰው ብሔር ሲነሳ ሰምቻለሁ። በገዛ ቋንቋችን፣ እርስ በርሳችን። ከእሁድ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቃል ከማንም ከሰማሁ፣ ያ ሰው በዚያ ምሽት አይነዳም። የመጀመሪያም ይሁን የመጨረሻ፣ ዘመዴም ቢሆን። በአይሬሲንግ ደንብም ቢሆን መሳደብ ያስከስሳል፣ ያስቀጣል። ስሙ ደግሞ እውነተኛ ስማችሁ ነው። አባታችሁ ያወጡላችሁ ስም ነው ስክሪኑ ላይ ከስድቡ ጎን የሚቆመው።

ማይክ ለመሞከር ከፈለጋችሁ ቁጥር ቁጠሩ። የትኛው ቻናል ላይ እንዳላችሁም ከመናገራችሁ በፊት እዩ፤ ለሁሉም ነው ወይስ ለቡድን።

ስለ ንዴትም አንድ ነገር አለኝ። ባለፈው ወቅት አንድ ወንድማችን ከኋላ ተገጨና ቻቱን በቁጣ ሞላው። ደጋግሞ ጻፈ፣ በዚያ ፍጥነት እንዴት እንደጻፈው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከውድድሩ በኋላ ሪፕሌዩን፣ የተቀዳውን ውድድር፣ አብረን ከፈትነው። እኔ በገጪው መኪና ውስጥ ሆነን እንድናየው ጠየቅሁት። አየነው። ገጪው ልጅ እንደ ሁልጊዜው፣ በየዙሩ በሚይዝበት ቦታ ላይ ነው ፍሬን የያዘው። የኛ ወንድም ግን በዚያ ዙር በጣም ቀድሞ ያዘ። ራሱም አላወቀውም፣ ስፖኪዮ ላይ አፍጥጦ ነበር። ዝም አለ። ከዚያ «የጻፍኩትን ማጥፋት ይቻላል?» አለኝ። አይቻልም። ሌሎቹ ሁሉ አንብበውታል። ስልክ ቁጥሩን ፈልጌ ሰጠሁትና ደወለለት። ዛሬ ሁለቱ በአንድ ቡድን ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ወቅት ደንባችን ይህ ነው። ውድድር እየተካሄደ ማንም ስለ ግጭት አይከራከርም፤ በጽሑፍም በድምፅም። መጀመሪያ ሪፕሌዩ ይታያል፣ በሌላው ሰው መኪና ውስጥ ሆናችሁ። ከዚያ ለኔ ትጽፋላችሁ። ቁጣው ቢያልፍባችሁ ግን ከሁሉም ይሻለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ፊደላችን። ላይቭ ፎር ስፒድ የሚባለውን የቆየ ጌም የነዳችሁ ታውቃላችሁ፤ እዚያ ቻቱ ላይ የግሪክም፣ የሩስያም፣ የጃፓንም፣ የኮሪያም ፊደል መርጦ መጻፍ ይቻላል። የኛ ግን የለበትም። እኔን ያሳዝነኛል። እኛም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ለምደናል። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ብዙ ነገር ይምታታል። አንዱ ልጅ ለጓደኛው «አለፈ» ብሎ ጻፈለት፤ ያ መኪና ሄዷል ማለቱ ነው። ጓደኛው «እለፍ» ብሎ አነበበው። አለፈ። የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ፒት ስንገባ፣ ስንዞር፣ ስናሳልፍ የምንልካቸውን መልእክቶች ሁላችንም አንድ ዓይነት አድርገን እንጽፋቸዋለን። ከሌሎች ጋር በምንነዳበት ውድድር ላይ ደግሞ ያንኑ በእንግሊዝኛ።

አራቱን መልእክቶች በሁለቱም ቋንቋ በወረቀት አትሜያለሁ። በሩ ጋ ጠረጴዛው ላይ አሉ። አንድ አንድ ውሰዱ፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ጻፏቸው፣ የዶላር ምልክቷን አትርሱ። እሁድ ልምምዱ ሲጀመር ማንም ወደ መነሻው ከመሄዱ በፊት አራቱንም ቁልፎች አንድ በአንድ ትነኩልኛላችሁ፣ እኔም ስማችሁ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። መሪ ላይ ቁልፍ ማገናኘት ያቃታችሁ ካላችሁ፣ ቡናው እስኪቀዳ እዚህ ላፕቶፑ ጋ ነኝ፤ ኑ።

አመሰግናለሁ።